የልጆቻችን ሥራ ጨዋታ አይደለም
(በወልቂጤ ለወላጆች ከተደረገ ንግግር)



የፕሮግራም ክበባችን ወጣቶች ሮቦትና ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና በኮምፒውተር ሲሞክሩ «ጌም ነው» ብለን ማለፍ አይገባንም።

በ1996 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በሞሃቪ በረሃ በተደረገው የእነዚህ መኪኖች ውድድር፣ ከ240 ኪሎ ሜትሩ መንገድ 12 ኪሎ ሜትር የሞላ አልነበረም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ግን አምስቱ ጨረሱ። በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. አማርኛ በተናገረችው ሮቦት በሶፊያ ፕሮግራም ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች እጅ አለበት።

ኮምፒውተር ላይ መኪና ቢጋጭ ሰው አይጎዳም፤ ልጁ ግን ይማራል። ደግሞስ የወልቂጤንና የቡታጅራን ባጃጅ፣ አህያና የገበያ ቀን ግርግር ከእኛው ልጆች በቀር ለመኪናው ማን ያስተምረዋል?

ስለሆነም ወላጆች፣ የውሃው ጀሪካንና የሱቁ ጥበቃ ለሁለት ሰዓት ይቆየንና ሴት ወንድ ሳንል ልጆቻችንን ወደ ክበቡ እንላክ።