ዝም የሚለው ዋሻ

እሷ፦ ቪፒኤን ሲባል ሰው የሚያውቀው አፕ አውርዶ መጫን ነው። አንተ ተርሚናል ከፍተህ ትጽፋለህ። ምን አደከመህ?

እሱ፦ ድካሙ ያን ያህል አይደለም እኮ! የቪፒኤኑን ዋሻ የሚሠራልኝ ዋየርጋርድ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሊነክስ ከርነል አካል ነው። በአንድ ትእዛዝ የግል ቁልፍ ታወጫለሽ፤ ከእሱ ደግሞ ይፋዊውን። ለሰርቨሩ የምትሰጪው ይፋዊውን ብቻ ነው፤ የግሉ ከኮምፒውተርሽ አይወጣም። ከዚያ የግል ቁልፍሽን እንዲሁም የሰርቨሩን ይፋዊ ቁልፍ፣ አድራሻና ፖርት አጭር ፋይል ላይ ጽፈሽ ማስነሳት ነው።

እሷ፦ እኔን የሚያናድደኝ የዋየርጋርድ ዝምታ ነው። ቁልፉ ቢሳሳት እንኳ ትንፍሽ አይልም!

እሱ፦ ሆን ተብሎ ነው። ቁልፉን ለማያውቀው መልስ አይሰጥም፤ ፖርት እየፈተሹ የሚዞሩ ሰዎች ሰርቨሩ መኖሩን እንዳይደርሱበት። አንቺ ግን «ደብሊውጂ ሾው» ብለሽ ከሰርቨሩ ጋር የመጨረሻው ሰላምታ (ሃንድሼክ) መቼ እንደተደረገ እዪ። ጭራሽ ከሌለ ብዙ ጊዜ ወይ ቁልፎቹ ተምታተዋል፣ ወይ ፋየርዎሉ የዩዲፒ ፖርቱን ዘግቶታል። እኔ መጀመሪያ ፋየርዎሉን ነው የምጠረጥረው።

እሷ፦ ሰርቨሩ የሌላ ሰው ከሆነስ? ወዴት እንደምሄድ ባለቤቱ ያያል። የቪፒኤን ማስታወቂያዎች ይህን አያነሱም።

እሱ፦ ያያል እንጂ! ኢንተርኔት አቅራቢሽን ትተሽ እሱን አመንሽ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሰርቨሩን ራሴ የምተክለው፣ ኪራዩ ቢያስመርረኝም።