ከበረዶው በኋላ በጓሯችን

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)





የዛሬው ርእሳችን ከአንድ የመስጂድ ኢማም ይልቅ ለግብርና ባለሙያ የሚገባ ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁንና ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንደ ደሴ ባለ ደጋ ከተማ የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጠዋት ብራ የነበረው ሰማይ ከዙህር በኋላ በጦሳ ተራራ በኩል ይጠቁራል፣ ነፋሱ ይነሳል፣ ቆርቆሮው መነጋገር እስኪያቅተን ድረስ በበረዶ ይደበደባል። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ እማወራዋ ስትኮተኩተው የከረመችው ጎመን ወንፊት ሆኖ ያድራል። ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን? አብዛኞቻችን ዶማ ይዘን እንሮጣለን። ይህን የምለው ሌላውን ልነቅፍ ሳይሆን ራሴን ስለማውቅ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እንዲህ ያለ በረዶ ጣለ። ብቅ ብዬ ሳይ የድንቹ መደብ መሀል ውሃ ተኝቷል። በረዶው ገና ሳይቀልጥ ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ ገባሁና የታችኛውን ክትር በዶማ ከፈትኩት። ውሃው ሄደ። ወዴት እንደሄደ ግን ቀና ብዬ አላየሁም። ከዚያም የተበጣጠሰውን ጎመንና ቅጠሉ የረገፈውን ቃሪያ «ይሄማ አለቀለት» እያልኩ ነቃቅዬ ጣልኩ። መግሪብ ሲደርስ ጓሮዬ ጸድቶ፣ እኔም ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤት ገባሁ።

ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ ከእኛ በታች የሚኖሩትን ጎረቤታችንን በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ክርስቲያን እናት ናቸው። «ሸኽዬ፣ ማድቤቴን ውሃ ጣለብኝ» አሉኝ። «እማማ፣ ዘንድሮ እኮ ዝናቡ ከበደ» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ከእኔ አጥር ሥር ተነስቶ እስከ ማድቤታቸው ግድግዳ ድረስ ጎርፉ የቀደደው ቦይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማድቤቱን የጣለው ዝናቡ አልነበረም፤ የእኔ ዶማ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ሌሊት ስለነበር ውስጡ ሰው አልነበረም። ከሁለት ልጆቼ ጋር ጭቃ አቡክተን፣ ጭድ ደባልቀን ሳምንት ሙሉ ግድግዳውን ስንመርግ ከረምን። እማማም ቡና እያፈሉ ያጠጡን ነበር፤ ይህ ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ በሰፌድ ሙሉ ለምለም ጎመን ላኩልን። የእርሳቸውም ጎመን እንደ እኔው በበረዶው ተመትቶ ነበር። «ለመንቀል ጉልበት አጣሁና ተውኩት፣ እሱ ራሱ አቆጠቆጠ» አሉኝ። እኔ ጉልበት ስለነበረኝ ሁለት ጥፋት አጠፋሁ፤ የእርሳቸውን ግድግዳ ጣልኩ፣ የራሴን ጎመን ነቀልኩ። ሁለቱም ከአንድ ችኮላ የመጡ ናቸው።

ውድ አድማጮቻችን፣ እንግዲህ በረዶው እንዳባራ መጀመሪያ የሚታየው የሰው ደኅንነት ነው። ዛፍ ወይም ቅርንጫፍ የመብራት ሽቦ ላይ ወድቆ ከሆነ፣ ወይም ሽቦው ራሱ ተበጥሶ መሬት ላይ ካለ፣ ማንም እንዳይቀርብ፤ እርጥብ እንጨትም ሆነ እርጥብ መሬት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ልጆችን አርቆ ለመብራት ኃይል ደውሎ መጠበቅ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው መንገዱ ነው። ከመንገድ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ስላነሳ ብቻ አላህ ምሕረት ስላደረገለት ሰው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተናል። በእኛ ሰፈር ግን ብዙ ጊዜ የማየው ተቃራኒውን ነው፤ የራሳችንን ጓሮ ጠርገን ቅርንጫፉን መንገድ ላይ እንወረውራለን፣ እርሱም በሚቀጥለው ዝናብ ቦዩን ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ወደ ውሃው እንመጣለን። በመደብ ላይ ቀናት የቆየ ውሃ ሥሩ አየር እንዳያገኝ ስለሚያደርግ ተክሉን ይገድለዋል፤ ስለዚህ መውጣቱ ግድ ነው። ነገር ግን ዶማ ከማንሳታችን በፊት የቁልቁለቱን አቅጣጫ በእግራችን ሄደን እንይ። ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ የሚደርስበትን መስመር መምረጥ፣ ቦዩን ከፌስታልና ከቅጠል አስቀድሞ መጥረግ፣ ክትሩንም በአንዴ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ መክፈት ያስፈልጋል። ከታች ጎረቤት ካለ በሩን አንኳኩቶ መነጋገር ነው። ዙበይር ኢብኑል ዐዋምና አንድ አንሷሪይ በውሃ ቦይ ተካሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ በቀረቡ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ፍርድ ዙበይር የራሱን አጠጥቶ ውሃውን ወደ ጎረቤቱ እንዲለቅ ነበር። በዚያ ደረቅ አገር ጎረቤትን የሚጎዳው ውሃውን መያዝ ነው፤ በእኛ ክረምት ደግሞ መልቀቁ ይጎዳል። የጎረቤት ሐቅ ግን ያው ነው።

የመጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ጓሮ የፈሰሰበት ቤትም ይኖራል። ይህ ውሃ የነካው ሰላጣና ቆስጣ ጥሬውን አይበላም፤ ታጥቧል ተብሎም አይታመን።

አሁን ወደ ተክሉ እንግባ። መሬቱ እንደ ሊጥ እርጥብ ሳለ መርገጥ ጉዳት ነው፤ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይሆናል። እፍኝ አፈር ጨብጠን ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ እንቆይ። መግባት ግድ ከሆነ ጣውላ አንጥፈን በእርሱ ላይ እንቁም። እርጥብ ቅጠል መነካካትም ጥሩ አይደለም፤ ድንቹን የሚያጠቁረው በሽታ በእጃችንና በልብሳችን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል።

ጎመንና ቆስጣ የሚያድጉት ከመሀል ነው። መሀሉ ደኅና ከሆነ የተቀደዱትን የውጭ ቅጠሎች ብቻ በንጹሕ ቢላ ቆርጦ መተው ይበቃል። ቃሪያውን በጥፍራችን ግንዱን ጫር አድርገን እንየው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለውና ሁለት ሳምንት እንታገሠው። የተጋደመ በቆሎ ደግሞ ወንዴ አበባውን ገና ያላወጣ ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ጫፉን ወደ ላይ ይመልሳል። በግድ የሚያቃናው ሰው አገዳውን ይሰብረዋል፣ የቀረውንም ሥር ይበጥሳል። ለእርሱ የሚሻለው መሬቱ ሲጠነክር ሥሩ ላይ አፈር ማስታቀፍ ነው። ድንቹም እንዲሁ ነው፤ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ያጋለጠውን ፍሬ ቶሎ እንሸፍነው። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ ሆድም ያማል። አረንጓዴ የሆነውን ለልጅ አናቅምስ።

ስለ ዛፍ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ላይ ብዙ ጥፋት አያለሁና። ተሰንጥቆ የተንጠለጠለን ከባድ ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ ከቆረጥነው በራሱ ክብደት ሲወርድ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይወርዳል። ስለዚህ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለን መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ በመጋዝ እንቁረጥ፤ ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ ወጣ ብለን ከላይ እንቁረጠው። በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚነሳበት፣ አበጥ ካለው ቀለበት ጫፍ ላይ እናነሳለን። ቀለበቱን ራሱን ግን አንነካም፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው ከዚያ ተነስቶ ነው። ቁስሉን ቀለም ወይም የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ አያስፈልግም። ያዘነበለ ትንሽ ችግኝ ቀስ ተብሎ ተቃንቶ በጨርቅ ላላ ተደርጎ ከእንጨት ጋር ይታሰራል። ሽቦ አንጠቀም፤ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል። ሥሩ የተነቀለ ትልቅ ዛፍን ግን ለማቃናት አንድከም፤ ሌላ ቀን ሰው ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ደረሰን ጥያቄ ልለፍ። አንዲት እህታችን በጓሮዋ ያሉ ሁለት የኮክ ዛፎችን ፍሬ፣ መቅላት ከጀመረ በኋላ፣ እዚያው ዛፉ ላይ እንዳለ ለአንድ ነጋዴ ሸጠች። ገንዘቡንም ተቀብላ ለልጆቿ ልብስ ገዛችበት። ነጋዴው ሳይለቅም በረዶ መጣና አብዛኛውን አረገፈው። «ሰውየው ምንም አላለኝም፣ ገንዘቡ ለእኔ ሐላል ነው ወይ?» ትላለች። አላህ ይዘንላት፣ ማንም ሳይጠይቃት የጠየቀች ሴት ናት።

ጃቢር ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ለወንድሙ የሸጠለት ፍሬ በመቅሰፍት ከጠፋ ሻጩ ዋጋውን መውሰድ እንደማይፈቀድለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በዚህ መሠረት ኢማም አሕመድ ጉዳቱ የሻጩ ነው ብለዋል። ኢማም ማሊክም እንዲሁ ብለዋል፣ የጠፋው ሲሶና ከዚያ በላይ ሲሆን። ኢማም አቡ ሐኒፋና፣ ኢማም ሻፊዒይ በኋለኛው አቋማቸው፣ መመለሱ የተወደደ እንጂ ግዴታ አይደለም ይላሉ። አገራችን የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀብ የበዛባት ስለሆነች «ግዴታ የለብሽም» ብዬ ላሰናብታት እችል ነበር። እኔ ግን የሐዲሱን ቃል ሳይ ልቤ ለዚያ አልታዘዘኝም። ነጋዴውም ጭነት ተበድሮ የሚገዛ ድሃ ሊሆን ይችላል። ምክሬ የጠፋውን ያህል በግምት ተስማምተው እንድትመልስለት ነው፤ በአንዴ ካልቻለች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ትክፈለው። እርሱም ችግሯን አይቶ ይቅር ካለ ምንዳው የእርሱ ነው፤ ነገር ግን ይቅር የሚለው እርሱ እንጂ እርሷ በዝምታው ልትወስንለት አይገባም። ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ፣ ዛፉ ላይ እንዲቆይ ተብሎ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ውሉ ራሱ ባልጸና ነበር፤ ሳይበስል መሸጥ በሐዲስ ተከልክሏልና። እርሷ ግን መቅላቱን ጠብቃለች።

መሬት ላይ የረገፈው ኮክም እስኪነጋገሩ ድረስ ባለቤቱ ነጋዴው ስለሆነ ልጆቿ እንዳያነሱት ትከልክላቸው። ያልተፈረከሰው ተለቅሞ ሊሸጥ፣ የቆሰለውም ለማርማላታ ሊሆን ይችላል። በዚህ እርጥበት ግን ከሁለት ቀን በላይ አይቆይምና ዛሬውኑ ትደውልለት።