ለዓይነ ስውር ተማሪ የኮምፒዩተር ድምፅ ስለ መምረጥ



ዓይነ ስውር ሰው በኮምፒዩተር የሚሠራው በጆሮው እየሰማ ነው። ለዚህም የሚያገለግሉት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እየለቀመ የሚያቀርብ፣ ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የቀረበለትን ጽሕፈት ወደ ንግግር የሚለውጥ ድምፅ ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን እንደ አንድ ይቈጥሯቸዋል፤ ዳሩ ግን የተለያዩ ስለ ሆኑ ፕሮግራሙን ሳይለውጡ ድምፁን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ክፉ ድምፅ የተሰጠው ተማሪ ፊደሉ በደበዘዘ መጽሐፍ እንዲማር እንደ ተፈረደበት ልጅ ነው፤ መምህሩ ግን የመጽሐፉን መደብዘዝ ስለማያይ ልጁን ሰነፍ ይለዋል።

የሚያይ ሰው ድምፅ ምረጥ ቢሉት፣ ሁለቱን ሦስቱን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይሰማና ሰውን የሚመስለውን፣ ለጆሮ የሚጥመውን ያነሣል። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። ዓይነ ስውሩ ድምፁን የሚሰማው ለአንድ ደቂቃ ሳይሆን ከጧት እስከ ማታ ነው፤ የሚሰማውም በሰው ንግግር ፍጥነት አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በተራ ወሬ በደቂቃ 150 ቃል ያህል ሲናገር፣ የለመደ ዓይነ ስውር ግን 300 ቃልና ከዚያም በላይ እያስነበበ ያዳምጣል። የሚያይ ሰው ገጹን በዓይኑ ቃኝቶ የሚፈልገውን ቶሎ ያገኛል፤ ዓይነ ስውሩም በፍጥነት ካልሰማ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል። በዝግታ ሲናገር ደስ የሚያሰኘው ድምፅ በዚህ ፍጥነት ሲነዳ ብዙ ጊዜ ቃሉን ከቃሉ ያጣብቃል፤ ያ እንደ ቆርቆሮ የሚጮኸው ግን እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ ያሰማል። ይህን የሚጠራጠር መምህር ቢኖር ስክሪኑን አጥፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ይሥራበት።

ምክንያቱ ያለው ከአሠራራቸው ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ድምፅ ከሰው አፍ ተቀድቶ የተገጣጠመ አይደለም፤ አፍና ጉሮሮ ድምፅን እንዴት እንደሚቀርጹ ተጠንቶ ኮምፒዩተሩ በሒሳብ ይሠራዋል። በአሜሪካ አገር የኤም አይ ቲ ተመራማሪ የነበረው ዴኒስ ክላት በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. የወጣው ዴክቶክ የተባለው ተናጋሪ መሣሪያ በእርሱ ጥናት ላይ የተመሠረተ ነበር። ሁለተኛው ዓይነት የተቀዳ የሰው ድምፅ ቈራርጦና አገጣጥሞ የሚናገር ነው። ሦስተኛውና አዲሱ ከብዙ የተቀዳ ንግግር ራሱ ተምሮ የሚናገር ሲሆን፣ ለሰው ድምፅ እጅግ የቀረበ ነው። ይሁን እንጂ ልምድ ካላቸው ዓይነ ስውራን ብዙዎቹ ዛሬም የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ ይህም ፍጥነቱን ስለሚችል ብቻ ሳይሆን፣ ቁልፍ ሲጫኑ ወዲያው ስለሚመልስላቸው ጭምር ነው። የሚጽፍ ሰው የነካው ፊደል «ለ» ይሁን «ሰ» በቶሎ ካልተነገረው እጁ ከጆሮው ቀድሞ ይሄዳልና።

ለመንደር ትምህርት ቤት የገንዘብና የኢንተርኔት ነገርም ይታሰባል። ኤን ቪ ዲ ኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር በአውስትራልያ አገር ማይክል ከረን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ጀመረው፤ ጄምስ ቴህም ተባበረው። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው፤ ፕሮግራሙንም ለሚፈልግ ሁሉ ያለ ዋጋ ሰጡ። ከእርሱ ጋራ ኢስፒክ ኤን ጂ የሚባል ድምፅ አብሮ ይመጣል፤ መሠረቱን ጆናታን ደዲንግተን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. የሠራው ሲሆን፣ ከሚናገራቸው ከ100 በላይ ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ ይገኝበታል። መጠኑ ትንሽ ስለ ሆነ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሠራል፤ ኢንተርኔትም አይሻም። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ደግሞ መቅደስና አምሃ የተባሉ፣ ሰውን የሚመስሉ የአማርኛ ድምፆች አውጥቷል፤ ነገር ግን እነዚህ የሚናገሩት በኢንተርኔት በኩል ስለ ሆነ፣ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ተማሪው ዝም ያለ ኮምፒዩተር ታቅፎ ይቀመጣል። ለረዥም ንባብ መልካም ናቸው፤ ለፈተና ቀን ግን አይታመኑም።

በአማርኛ ላይ ከሌሎች ቋንቋዎች የተለየ ችግር አለ። ፊደላችን የሚላላውንና የሚጠብቀውን ለይቶ አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። የሚያነብ ሰው ከነገሩ አካሄድ ያውቀዋል፤ ማሽኑ ግን መገመት አለበት። «ዶሮው ይበላል» የሚለውን አጥብቆ ቢያነበው፣ ጥሬ የሚለቅመው ዶሮ ወጥ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ መምህሩ የአማርኛን ድምፅ ሲመረምር ሰላምታና ተረት ከማስነበብ ይልቅ፣ እንደነዚህ ያሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አግብቶ፣ ቍጥርንና «ዓ.ም.»ንም ጨምሮ ያስነብበው። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የሚሳሳት ድምፅ ይለመዳል፤ አንድ ጊዜ አቅንቶ አንድ ጊዜ የሚያጣምም ግን ተማሪውን ያደናግረዋል።

የመጨረሻውን ምርጫ የሚመርጥ ግን ተማሪው ራሱ ነው። ሁለትና ሦስት ድምፅ ተሰጥቶት፣ እያንዳንዱን በራሱ የትምህርት መጽሐፍ ጥቂት ቀን ይሥራበት፤ ፍጥነቱንም ከዝግታ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምር። የመረጠው ድምፅ መምህሩን ቢያስቀይመው፣ ማዳመጫ በጆሮው ላይ ማድረግ ይበቃል። ኮምፒዩተሩ አንድ ተማሪዎቹ ብዙ በሆኑበት ስፍራ፣ ኤን ቪ ዲ ኤን በፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እንዲህም ሲሆን ልጁ ፍላሹን በኪሱ ይዞ በመጣ ጊዜ የመረጠው ድምፅና የለመደው ፍጥነት አብረውት ይመጣሉ፤ ሲሄድም ለሚቀጥለው ልጅ ኮምፒዩተሩን እንደ ነበረ ይተውለታል።