የአክስቴ ልጅና የሁለቱ ትምህርቶች ምርጫ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እዚህ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከወገኖቻችን ቤት ቡና ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይሰማ አይነሣም። «ልጃችንን ጥሩ ዩኒቨርሲቲ እንዲቀበላት የሚያደርገው የትኛው ነው፤ አድቫንስድ ፕሌስመንት ወይስ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት?» ይሉናል። እኔም ከጥቂት ዓመት በፊት ለአክስቴ ልጅ ሳላጣራ «ባካሎሬቱ ይበልጣል» ብዬ መክሬ ነበር። ልጅቱ ቅዳሜና እሑድ ሱቅ ትሠራለች፤ ማታ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ዲፕሎማውን ተወችው። ዛሬ የምናገረው ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ነው።

አድቫንስድ ፕሌስመንት ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው ነው። ተማሪው እንደ አቅሙ አንድም አምስትም ትምህርት ይወስዳል፤ በግንቦት ይፈተናል፤ ውጤቱም ከ1 እስከ 5 ነው። ለእያንዳንዱ ፈተና 100 ዶላር ያህል ይከፈላል፤ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ግን ቅናሽ ስላለ መጠየቅ አያሳፍርም።

በ1968 ዠኔቭ ላይ የተመሠረተው ባካሎሬት ግን ዲፕሎማውን ለሚፈልግ አንድ ሙሉ ሸክም ነው። በሁለት ዓመት 6 ትምህርት፤ ከነዚህም ቢያንስ 3ቱ በከፍተኛ ደረጃ፤ እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ፤ ስለ ዕውቀት ምንነት የሚሰጥ ትምህርት፤ በዚህም ላይ የኪነት፣ የስፖርትና የበጎ አድራጎት ሥራ አለበት። ሙሉው ነጥብ 45 ሲሆን ከ24 በታች ያገኘ ዲፕሎማ የለውም። (አንድ ነገሩን ግን እወድለታለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ከተባበረ ልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ ራሱን እያስተማረ ሊወስድ ይችላል። በአድቫንስድ ፕሌስመንት አማርኛ የለም።)

ተማሪ የሚመርጡት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አስቀድመው የሚያዩት፣ ልጅቱ በራሷ ትምህርት ቤት ከሚሰጠው ከባዱን መርጣ እንደ ሆነና በክፍል ያገኘችውን ማርክ ነው። በትምህርት ቤቷ የሌለውን አልወሰድሽም ብለው አይቀንሱባትም። ስለዚህ ለስሙ ብለው ኪራይ ወደሚወደድበት ሰፈር የሚዛወሩ ወላጆች እጅግ ያሳዝኑኛል።

ብዙዎቻችን የዘነጋነው ሌላ ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲዎቹ መልስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ይደርሳል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ግን የሚወጣው በሐምሌ ነው። በ11ኛ ክፍል የተወሰደ የአድቫንስድ ፕሌስመንት ውጤት ከማመልከቻው ጋር ሊቀርብ ይችላል፤ የባካሎሬት ዋናው ፈተና ግን በመጨረሻው ዓመት ስለ ሆነ የሚታየው መምህራኑ የገመቱት ነጥብ ነው። ከገቡ በኋላ ለሚቆጠረው ክሬዲትም ቢሆን፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከባካሎሬት የሚቀበሉት በከፍተኛ ደረጃ የተወሰደውን ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ እንደ እድል ሆኖ ኮሌጅ ገብታለች፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ትቀልድብኛለች። አሁን ታናሽ ወንድሟ 10ኛ ክፍል ነው። ባለፈው እሑድ አብረን ተቀምጠን ከእንቅልፉ፣ ከኳሱና ከቤት ሥራው የሚተርፈውን ሰዓት በወረቀት ቆጠርን። ወረቀቱን ይዞ ሐሙስ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ዘንድ ይቀርባል።