ቡቃያ ብርሃንን በምን ያውቃል?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቡቃያ ነው። ቡቃያ ዓይን የለውም። ሆኖም ጨለማና ብርሃንን ለይቶ ያውቃል። ይህን መረዳት ለዘራችንም ለእንጀራችንም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ዘማች ሆኜ ቢቸና እንደ ደረስኩ፣ ባረፍኩበት ቤት ጓሮ ጥቂት ጤፍ ዘራሁ። ወፍ እንዳይለቅመው ብዬ አንድ ጣት ርዝመት ቆፍሬ ቀበርኩት። ሳምንት ጠበቅሁ፤ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። አባወራው አይተው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጤፍ ይበተናል እንጂ ይቀበራል እንዴ?» አሉኝ። ምክንያቱን ዩኒቨርሲቲ ተምሬው ነበር፤ ሥራው ላይ ግን አላስታወስኩትም።

በሉ እንግዲህ ምክንያቱን እንየው። ጠላ የምትጠምቁ እናቶች ብቅልን ታውቁታላችሁ። ገብሱ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ሲበቅል ቡቃያው ነጣ ቢጫ ይላል እንጂ አረንጓዴ አይሆንም። ባቄላም በጨለማ ቢበቅል አገዳው ይረዝማል፣ ይቀጥናል፤ ጫፉም አንገቱን እንደ ደፋ ይቆያል። ታሞ አይደለም። ገና አፈር ውስጥ ያለ ስለሚመስለው፣ በፍሬው ውስጥ ያለውን ስንቅ ሁሉ ለቁመት ያውለዋል። ብርሃን ሲያገኝ ግን እድገቱን ገታ አድርጎ ቀና ይላል፤ ቅጠሉን ዘርግቶ ምግቡን ራሱ መሥራት ይጀምራል።

ብርሃኑን የሚያስታውቀው በተክሉ ውስጥ ያለ እጅግ ጥቂት ቀለም ነው። ስሙ ፋይቶክሮም ይባላል። የፀሐይ ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና የብዙ ቀለማት ድብልቅ ነው። ቀዩ ብርሃን ሲያርፍበት ፋይቶክሮም ይነቃና አገዳውን «መርዘም ይብቃህ» ይለዋል። ከቀዩ ቀጥሎ ያለው፣ ዓይናችን በደንብ የማያየው ጥቁር ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ ተመልሶ ይተኛል፤ አገዳውም ይረዝማል። በአሜሪካ አገር ቤልትስቪል በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሚሠሩ ሊቃውንት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ይህን ቀለም በጨለማ ከበቀለ የበቆሎ ቡቃያ አወጡት።

አሁን ወደ ማሳችን እንመለስ። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለራሱ ይወስዳል፤ ጥቁር ቀዩን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ቡቃያ ተጨናንቆ ሲበቅል ጎረቤቱ ሊሸፍነው መሆኑን ያውቃል። እሽቅድምድም ይገባል፤ ይረዝማል፣ ግን ይቀጥናል። ቀጭን አገዳ ደግሞ ዝናብና ነፋስ ሲመታው ይጋሽባል። የጋሸበ ጤፍ ፍሬው በደንብ አይሞላም፤ ለአጨዳም ያስቸግራል።

እንግዲህ ሁለት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ ዘር የሚቀበረው እንደ ስንቁ ነው። መቶ ያህል የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ ነው አንድ የስንዴ ፍሬ የሚመዝነው። ጤፍ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚያወጣው ስንቅ የለውም። አባቶቻችን ማሳውን በከብት አስረግጠው ዘሩን ከላይ መበተናቸው ትልቅ ብልሃት ነው።

ሁለተኛ፣ ዘር አናብዛ። በሄክታር 25 ኪሎና ከዚያም በላይ ጤፍ የሚበትን ገበሬ ብዙ ነው። በመስመር ለሚዘራ ግን 5 ኪሎ ይበቃል ተብሎ ተመክሯል። የሚተርፈው 20 ኪሎ የልጆች እንጀራ ነው። ልማዳችሁን ባንድ ጊዜ ጣሉ አልላችሁም። በማሳችሁ ጥግ ጥቂት ቦታ ላይ አሳስታችሁ ዝሩና ከሌላው ጋር አስተያዩት።

የነገርኳችሁንም ዝም ብላችሁ አትመኑኝ። በሁለት ጣሳ አፈር ባቄላ ዝሩ። አንዱን ደጅ አኑሩ፤ በሌላው ላይ ድስት ድፉበት። ሁለቱንም ውሃ አጠጡ። ከበቀሉ በኋላ ቁመታቸውን በክር ለኩና ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ፤ የዘንድሮውን ጽፎ የያዘ ገበሬ ለከርሞ አይሳሳትም።