የሚቅም ወላጅ ለልጁ ምን ይበል?



ስለ ሱስ ስንመራመር ልጁን እንጂ ወላጁን አዘውትረን አንጠይቅም። የዛሬው ጥያቄዬ ራሱ ተጠቃሚ የሆነ ወላጅ ለልጁ ምን ሊል እንደሚገባው ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ይከለክላል፤ ስለዚህ ሐሺሽ የሚያጨስ ወላጅ ይደበቃል። ጫት ግን በግልጽ የሚሸጥ፣ ወደ ውጭም የሚላክ ሕጋዊ ሸቀጥ በመሆኑ በልጅ ፊት ይቃማል።

ፋብሪካና ጉምሩክ በሚገኙበት በአቃቂ ቃሊቲ፣ ሌሊት የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር እንቅልፉን በጫት ሲከላከል ማየት እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለው አባት ልጁን «አንተ እንዳትነካው» ብሎ ሲያበቃ ጫት ገዝቶ እንዲመጣ ከላከው፣ ልጁ ከምክሩ ይልቅ ከመላኩ ይማራል።

በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ወላጁ ይህንኑ በራሱ ቋንቋ ሊናገር ይችላል፦ «ልጄ፣ ጫት ያነቃኛል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ይደብተኛል። ልተወው ብዬ አቅቶኛል።»

እንዲህ ያለው ንግግር የወላጅን ክብር ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ልጁ ገራባውን የሚጠርግ፣ የአባቱንም ድብርት የሚያይ ነው። ያየውን ነገር በሚክድ ቃል ክብር አይጠበቅም፤ መታመን ይጠፋል እንጂ። ያ ልጅ ነገ ሐሺሽ ቢቀርብለት ማንን ይጠይቃል? እውነቱን የነገረውን ነው።

ስለዚህ ምክሩ ከመነገሩ በፊት ልጅን ጫት ግዛ ብሎ መላክ ይቅር።