አንጀትና አንጎል እንዴት ይነጋገራሉ?

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው "እባክህ ሰው በሚገባው አማርኛ ተናገር" ብሎ አስጠንቅቆኛል። እሞክራለሁ። ሥራዬ ይሄ ነው፤ ምግብ ሲደርሰው አንጀት የሚለቃቸውን ሆርሞኖችና አንጎል ውስጥ የሚሠሩትን ዘመዶቻቸውን፣ ማለትም ኒውሮፔፕታይዶችን፣ አጠናለሁ። "አንጀቴ ራሰ"፣ "ሆዴ ባባ" የሚል ሕዝብ ሆድና ስሜት ይገናኛሉ ቢሉት ብዙም አይደነቅ። የሚደንቀው እንዴት እንደሚገናኙ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1902 ለንደን ውስጥ ነው። ያኔ ቆሽት ጭማቂውን የሚያፈስሰው በነርቭ ትእዛዝ ነው ይባል ነበር፤ የዚህ ሐሳብ ዋና ጠበቃ ታላቁ ፓቭሎቭ ነበሩ። ቤይሊስና ስታርሊንግ ከአንድ ውሻ ቀጭን አንጀት ላይ ነርቮቹን ቆርጠው ለዩና አሲድ ጨመሩበት። ነርቭ የለም፤ ቆሽቱ ግን አፈሰሰ። የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን ፍቀው፣ ከአሲድ ጋር ወቅጠው፣ አጣርተው በደም ሥር ሲሰጡት አሁንም አፈሰሰ። መልእክቱ የሄደው በደም ነው ማለት ነው። ሴክሬቲን አሉት። ስታርሊንግ "ሆርሞን" የሚለውን ቃል ያስተዋወቁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ሆርሞን ሲባል ኢንሱሊንና ታይሮይድ ቢቀድሙብንም በሩን የከፈተው አንጀት ነው።

እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ የስቶክሆልሙ ታሪክ ነው። ታተሞቶና ሙት ሌላው ተመራማሪ ሁሉ የሚሄድበትን መንገድ ገለበጡት። "ይህ ንጥረ ነገር ምን ይሠራል?" ብለው አልጀመሩም። ብዙዎቹ ንቁ ፔፕታይዶች መጨረሻቸው ላይ አሚድ የሚባል ኬሚካዊ ጭራ እንዳላቸው አይተው ጭራውን ብቻ ማደን ያዙ። በ1980 ከአሳማ አንጀት ፒ.ዋይ.ዋይ.ን፣ በ1982 ከአሳማ አንጎል ኒውሮፔፕታይድ ዋይን አገኙ። ሁለቱም 36 አሚኖ አሲድ ናቸው፤ መልካቸውም ይመሳሰላል። ጠባያቸው ግን ሌላ ነው። የአንጎሉ፣ የጠገበችን አይጥ እንደገና ያስበላታል። የአንጀቱ ደግሞ ከተበላ በኋላ ይለቀቅና አጠር ባለው መልኩ አንጎል ደርሶ "በቃ" ይላል። የአንድ እናት ልጆች፣ አንዱ ብላ፣ ሌላው ተነሣ!

አሜሪካ ያላችሁ ኦዜምፒክን በስም ታውቁታላችሁ። ምንጩ ጂ.ኤል.ፒ.-1 የተባለ የአንጀት ሆርሞን ነው፤ ኢንሱሊን እንዲለቀቅ ያግዛል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል። ችግሩ፣ ደም ውስጥ አንድ ኢንዛይም ይቆርጠውና በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ያልቃል። በሁለት ደቂቃ የሚጠፋ ነገር መድኃኒት አይሆንም። መፍትሔው መጀመሪያ የተገኘው ጆን ኤንግ የተባሉ ሐኪም ሂላ ሞንስተር የምትባለውን መርዘኛ እንሽላሊት መርዝ ሲመረምሩ ነው። እዚያ ውስጥ ኢንዛይሙ በቀላሉ የማይደፍረው ዘመዱ ነበር፤ በ2005 መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። ኋላ የሰውን ሆርሞን ራሱን የስብ ጭራ ቀጥለውለት ዕድሜውን ወደ አንድ ሳምንት አደረሱት።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለዚያች ሁለት ደቂቃ ነው። እነዚህ ሆርሞኖች ደም ከተቀዳ በኋላ ማንንም አይጠብቁም። ኢንዛይሙን የሚያግድ ኬሚካል ያለበት ቱቦ፣ በረዶ፣ ከዚያም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ይፈልጋሉ። መብራት አንድ ሌሊት ጠፋ ማለት የአንድ ዓመት ሥራ ቀለጠ ማለት ነው።

እኛ ጋር ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ግሬሊን የሚባለው የጨጓራ ሆርሞን ሰው በለመደው የምግብ ሰዓት አቅራቢያ ይጨምራል፤ ሲበላ ይወርዳል። ታዲያ 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል ሰው ግሬሊኑ ምን ይሆናል? የቁርሱን ሰዓት ይረሳል? በስንተኛው ቀን? ከፋሲካ በኋላስ? ይህን ልጠይቅ የምችለው ስለጾምኩ ነው፤ ልመልሰው የሚገባኝም እዚህ ነው። ናሙናው በሣጥን ተጭኖ ባሕር ማዶ ሄዶ፣ የእኛ ሰው ስም ምስጋና የሚጻፍበት አንቀጽ ላይ ብቻ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እኔም ባሕር ማዶ ስለምሠራ ሣጥኑ ወዴት እንደሚደርስ አውቃለሁ።

ማኅበራችን በግቢው መግቢያ ላይ የመታሰቢያ ቅስት ለማሠራት ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ቅስት አልጠላም። ግን በቅስት ሥር የሚያልፉት ወጣት መምህራን ናሙና የሚያስቀምጡበት ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ ላቅርብ፤ ገንዘቡ አንድ ፍሪዘርና መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ ጄኔሬተር ይግዛበት፤ ቅስቱ ይቆየን። ለመጀመሪያው ጥናት የሚያስፈልገውን ቱቦና የመለኪያ ኪት እኔ እችላለሁ። በየዓመቱ ስድስት ሳምንት መጥቼ ልኬቱን ከመምህራኑ ጋር እሠራለሁ። ጥናቱን የሚመራው ግን እዚህ ያለ መምህር ይሆናል፤ የመጀመሪያው ስምም የእሱ ወይም የእሷ ነው።

ከኋላ የተቀመጣችሁ ኢንጂነሮች ከምሳ ጀምሮ ስለ ጄኔሬተሩ አቅም ስትከራከሩ ሰምቻለሁ። ስንት ኪሎ ዋት እንደሚበቃን አሁን ንገሩን፤ ገንዘብ ያዡም እዚሁ ናቸው።